ካሎሪሜትር፦ ሙቀት እንዴት እንደሚለካና ለነዳጅ ነጋዴ ምን እንደሚጠቅም

በንግድ ዓለም ማናቸውም ዕቃ የሚሸጠው በክብደት፥ በስፍር፥ በርዝመት ወይም በቍጥር መሆኑ የታወቀ ነው። ቡናው በኩንታል፥ ጨርቁ በሜትር፥ ዘይቱ በሊትር፥ እንቍላሉ በቍጥር ይሸጣል። ነገር ግን ተመዝኖ ቢሸጥም ሚዛኑ እውነተኛ ዋጋውን የማይናገርለት አንድ ታላቅ የንግድ ዕቃ አለ፤ እርሱም ነዳጅ ነው። የድንጋይ ከሰል የሚገዛ ፋብሪካ የሚፈልገው ጥቁሩን ድንጋይ አይደለም፤ ድንጋዩ ሲቃጠል የሚሰጠውን ሙቀት ነው። ከሁለት መርከብ የወረደ ከሰል በመልክና በክብደት አንድ ሆኖ ሳለ፥ አንደኛው ከሌላው በሙቀት በሩብ ያህል ሊያንስ ይችላል። ይህን ልዩነት ዓይንም ሚዛንም አያገኘውም። የሚያገኘው ካሎሪሜትር የተባለው የሙቀት መለኪያ መሣሪያ ነው።

ስለዚህ መሣሪያ አሠራር ማወቅ የኬሚስትሪ ተማሪ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ነጋዴ ብዙ ነው። ይሁን እንጂ በነዳጅ ውል ላይ ገንዘብ የሚከፈለውም የሚቀነሰውም ይህ መሣሪያ በሚሰጠው ቍጥር ስለ ሆነ፥ ቍጥሩ ከየት እንደሚመጣ የማያውቅ ገዢ፥ ሌላ ሰው በሚያነብለት ሚዛን ከሚገበያይ ሰው አይሻልም።

ከሁሉ አስቀድሞ የሙቀት ደረጃና የሙቀት ብዛት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን መረዳት ያስፈልጋል። ቴርሞሜትር የሚያሳየው ደረጃውን ነው። አንድ ስኒ የፈላ ውሃና አንድ በርሜል የፈላ ውሃ በቴርሞሜትር ሲታዩ እኩል ናቸው፤ በርሜሉን ለማፍላት የፈጀው ማገዶ ግን ስኒውን ካፈላው ጋር የሚወዳደር አይደለም። እንዲሁም በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ወይም በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አንድ ጊዜ ከፈላ በኋላም ከሥሩ ምንም ያህል እሳት ቢጨመር በድስቱ ውስጥ ያለው ውሃ ከዚያ ደረጃ አያልፍም። እሳቱ ግን ሙቀት መስጠቱን አላቋረጠም። ያ ሙቀት የዋለው ውሃውን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ነው፤ ቴርሞሜትርም ስለዚህ ነገር አንዳች አይናገርም።

ይህን በ18ኛው መቶ ዓመት አጥርቶ ያስተዋለው ጆሴፍ ብላክ የተባለው የስኮትላንድ ሊቅ ነበር። በረዶ ሲቀልጥ፥ ውሃም ሲተንን፥ ደረጃቸው ሳይለወጥ ብዙ ሙቀት እንደሚጠጡ አሳየ፤ ይህንንም ስውር ሙቀት ብሎ ሰየመው። በዛሬው ልክ አንድ ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ 80 ኪሎ ካሎሪ ያህል፥ በ100 ዲግሪ ላይ ያለ አንድ ኪሎ ውሃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ደግሞ 540 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያስፈልጋል። ኪሎ ካሎሪ ማለት የአንድ ኪሎ ውሃን የሙቀት ደረጃ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ለማድረግ የሚበቃ ሙቀት ነው። ሁለተኛውን ቍጥር አንባቢው ልብ ቢለው መልካም ነው፤ ስለ እርጥብ ነዳጅ ሲነገር ይመለሳል።

በዚህ ዕውቀት ላይ ተመሥርተው የመጀመሪያውን ስመ ጥር ካሎሪሜትር የሠሩት ፈረንሳውያኑ አንትዋን ላቫዚዬና ፒዬር ሲሞን ላፕላስ ናቸው። ዘመኑም ከ1782 ወደ 1783 ዓ.ም. የሚያሸጋግረው የአውሮፓ የብርድ ወራት ነበር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። መሣሪያቸው አንዱ በሌላው ውስጥ የገባ ሦስት ዕቃ ነው። በመካከሉ ባለው የሽቦ ቅርጫት የሚመረመረው ነገር ይቀመጣል፤ በዙሪያው በረዶ ይሞላል፤ ከዚያ ውጭ ደግሞ ሌላ የበረዶ ካባ ይደረግበታል። የውጭው በረዶ ተግባር የክፍሉ ሙቀት ወደ ውስጥ ዘልቆ ሒሳቡን እንዳያበላሽ መከላከል ነው። እንግዲህ የውስጡ በረዶ ቢቀልጥ፥ ያቀለጠው ከቅርጫቱ የወጣው ሙቀት ብቻ ነው ማለት ነው። የቀለጠው ውሃ በታች ባለው ቧንቧ ወርዶ ይመዘናል፤ አንድ ኪሎ ከወረደ 80 ኪሎ ካሎሪ ወጥቷል። በዚህ መሣሪያ የሚነድ ከሰልም፥ የጋለ ብረትም፥ ጊኒ ፒግ የምትባል ትንሽ እንስሳም ሳይቀሩ ገብተው ተለክተዋል። ከእንስሳይቱ በተገኘው ውጤት ሊቃውንቱ መተንፈስ ማለት በዝግታ መቃጠል ነው ሲሉ አስረዱ።

ላቫዚዬ ሊቅ ብቻ ሳይሆን የፈረንሳይን ንጉሥ ግብር በኮንትራት ይሰበስቡ ከነበሩት ባለሀብቶች አንዱ፥ እውነተኛ የሒሳብ ሰው ነበር፤ በዚሁ ግብር ሰብሳቢነቱ ተከሶ በአብዮቱ ጊዜ በ1794 ዓ.ም. በሞት ተቀጣ። የካሎሪሜትር አሳብ ራሱ የሒሳብ መዝገብ አሳብ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። አንዱ ወገን የሰጠው ሙቀት ሌላው ወገን ከተቀበለው ጋር መተካከል አለበት፤ ካልተካከለ በአንድ ስፍራ ያልተመዘገበ ወጪ አለ፤ እርሱም በዕቃው ግድግዳ አልፎ የጠፋ ሙቀት ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ካሎሪሜትሮች ሁሉ ልዩነታቸው ይህን ወጪ ለመከላከል ወይም በትክክል ለመመዝገብ በሚያደርጉት ዘዴ ነው።

ቀጥሎ በ1840ዎቹ በእንግሊዝ አገር የቢራ ጠማቂ ልጅ የሆነው ጄምስ ጁል፥ ወደ ታች በሚወርድ ክብደት ውሃ የሚያማታ መቅዘፊያ እያዞረ፥ ሥራ ራሱ ወደ ሙቀት እንደሚለወጥ በቴርሞሜትር አረጋገጠ። ዛሬ በምርመራ ወረቀቶች ላይ ከካሎሪ ጋር ጎን ለጎን የሚታየው ጁል የተባለው መስፈሪያ በስሙ የተጠራ ነው፤ አንድ ኪሎ ካሎሪ ከ4,190 ጁል ጋር ይቀራረባል።

ለነዳጅ ንግድ መሠረት የሆነው መሣሪያ ግን ፈረንሳዊው ማርሰላን በርተሎ በ1880ዎቹ ያበጀው ነው። ቦምብ ካሎሪሜትር ይባላል፤ ስሙ ቢያስፈራም የሚያፈርሰው ነገር የለም። ቦምብ የተባለው ወፍራም ግድግዳ ያለው፥ ክዳኑ በጥብቅ የሚገጥም የብረት ዕቃ ነው። ልሞ የተፈጨ አንድ ግራም ያህል ከሰል በትንሽ ጽዋ ተደርጎ በውስጡ ይቀመጣል፤ ቀጭን ሽቦም ይነካዋል። ከዚያም ዕቃው ተዘግቶ ከተራው አየር 30 እጥፍ ያህል ግፊት እስኪኖረው ድረስ ንጹሕ ኦክሲጅን ይሞላበታል፤ ይኸውም ከሰሉ አንዳች ሳይቀር እንዲቃጠል ነው። ቦምቡ ሁለት ሊትር ያህል ተመዝኖ በተሞላ ውሃ ውስጥ ይጠመቃል፤ ውሃውን ማማሰያ ያለማቋረጥ ያማስለዋል፤ የዲግሪን ሺኛ ክፍል የሚለይ ቴርሞሜትርም በውሃው ውስጥ ይቆማል። በሽቦው ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ ሽቦው ይግላል፤ ከሰሉም በቅጽበት ይነዳል። ሙቀቱ በብረቱ አልፎ ወደ ውሃው ይገባል፤ ቴርሞሜትሩም ሁለት ወይም ሦስት ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። የሚታየው ነገር ይህ ብቻ ነው።

ታዲያ ሁለት ዲግሪ ከፍ ማለቱ ስንት ካሎሪ እንደ ሆነ በምን ይታወቃል? እዚህ ላይ የመሣሪያው ታማኝነት ይገኛል። የሱቅ ሚዛን በታወቀ የብረት ድንጋይ እንደሚፈተን ሁሉ፥ ካሎሪሜትርም የሙቀቱ ልክ አስቀድሞ በታወቀ ነገር ይፈተናል። ለዚህ የተመረጠው ቤንዞይክ አሲድ የሚባል ነጭ ንጹሕ ዱቄት ነው፤ አንድ ግራሙ በቦምብ ውስጥ ሲቃጠል 26,434 ጁል ያህል ይሰጣል። አንድ ግራም ቤንዞይክ አሲድ የአንዱን መሣሪያ ውሃ በ2.643 ዲግሪ ከፍ ቢያደርገው፥ ያ መሣሪያ አንድ ዲግሪ ከፍ ለማለት 10,000 ጁል ያህል ይፈልጋል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ በዚሁ መሣሪያ አንድ ግራም ከሰል ሲቃጠል ቴርሞሜትሩ 2.5 ዲግሪ ከፍ ቢል፥ ከሰሉ በግራም 25,000 ጁል፥ በኪሎ 5,970 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሰጥቷል። ከዚህ ላይ ሽቦው ራሱ ሲቃጠል የሰጠው ጥቂት ሙቀት፥ እንዲሁም በከሰሉ ውስጥ ያለው ድኝ ወደ አሲድ ሲለወጥ የጨመረው ይቀነሳል። በቤንዞይክ አሲድ በየጊዜው የማይፈተን መሣሪያ፥ ማኅተም እንደሌለው ሚዛን ያለ ነው።

ቦምቡ ከነዳጅ ሌላ የሚበላ ነገርም ይለካል። በሱቅ መደርደሪያ ላይ በብስኩትና በወተት ዱቄት ማሸጊያ ተጽፎ የሚታየው ካሎሪ ከዚሁ የመጣ ነው፤ ነገር ግን ቦምቡ የሰጠው ቍጥር እንዳለ አይጻፍም። የሰው ሆድ እንደ ቦምብ ሁሉን አያቃጥልምና፤ ገለባው ሳይፈጭ ያልፋል፤ የፕሮቲኑም ከፊል ሙቀት በሽንት ይወጣል። አሜሪካዊው ዊልበር አትዋተር በ1890ዎቹ ሰው ራሱ ገብቶ ቀንና ሌሊት የሚቀመጥበት ትልቅ የካሎሪሜትር ክፍል ከባልደረቦቹ ጋር ሠርቶ፥ ከምግቡ የገባውንና ከሰውነቱ የወጣውን ሙቀት አመሳከረ። ለአንድ ግራም ፕሮቲን 4፥ ለስኳርና ለስታርች 4፥ ለስብ 9 ኪሎ ካሎሪ የሚለው ዛሬም የሚሠራበት ልክ ከእርሱ ሥራ የተገኘ ነው።

ሌላው ዓይነት የሚያቃጥል ሳይሆን የሚያቀልጥ ነው፤ ለፕላስቲክ አስመጪዎች የሚጠቅመውም ይህ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የወጣው የልዩነት ካሎሪሜትር ሁለት ጥቃቅን ጽዋዎች አሉት፤ በአንደኛው ጥቂት ሚሊግራም ናሙና ይደረጋል፤ ሌላው ባዶ ነው። ሁለቱ እኩል እየጋሉ ሲሄዱ ናሙናው ከባዶው ጋር እኩል ለመራመድ የፈለገው ትርፍ ሙቀት ይመዘገባል። የሚቀልጥበት ቦታ ሲደርስ ስውሩን ሙቀት ስለሚጠጣ በመዝገቡ ላይ ጉብታ ይታያል። ለስላሳው ፖሊኢትሊን በ110 ዲግሪ ገደማ፥ ጠንካራው በ130 ገደማ፥ ፖሊፕሮፒሊን በ165 ገደማ ይቀልጣሉ። ንጹሕ ነው ተብሎ የተሸጠ የፕላስቲክ ፍሬ በአንድ ጉብታ ፈንታ ሁለት ወይም ሦስት ካሳየ፥ ልዩ ልዩ ዓይነት ተደባልቆበታል።

ወደ ነዳጁ ነገር ሲመለስ፥ በቦምቡ የተገኘው ቍጥር ትክክል ሆኖ ሳለ ገዢውን ሊያሳስት የሚችልበት መንገድ አለ። ከሰል ሲቃጠል በውስጡ ያለው እርጥበት ይተንናል፤ ሃይድሮጅኑም ከኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ ሌላ ውሃ ይፈጥራል። ቦምቡ የተዘጋ ስለ ሆነ እንፋሎቱ መውጫ የለውም፤ ቀዝቅዞ እንደ ገና ውሃ ይሆናል፤ የጠጣውንም ስውር ሙቀት ይመልሳል። በፋብሪካ ምድጃ ግን እንፋሎቱ ሙቀቱን ይዞ በጭስ ማውጫ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለት ልክ አለ፤ ቦምቡ የሚሰጠው ጠቅላላ የሙቀት ልክ፥ የእንፋሎቱ ሙቀት ተቀንሶ የሚቀረው ደግሞ የተጣራ የሙቀት ልክ ይባላል። በናፍጣ ልዩነቱ ከመቶ 6 ያህል ነው፤ በድንጋይ ከሰል እንደ እርጥበቱ ልክ ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 300 ኪሎ ካሎሪ ይደርሳል።

እርጥበት በማገዶ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ባለ ሱቁም ባልትና አዋቂዋም ያለ ካሎሪሜትር ያውቁታል፤ መሣሪያው ልኩን ብቻ ይነግራቸዋል። በአየር የደረቀ እንጨት በኪሎ የተጣራ 3,400 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሲሰጥ፥ ግማሽ ክብደቱ ውሃ የሆነ እርጥብ እንጨት 1,900 ያህል ብቻ ይሰጣል። ከአንዱ ኪሎ እርጥብ እንጨት ግማሹ ውሃ ነው፤ ያንን ግማሽ ኪሎ ውሃ አሙቆ ለማትነን ብቻ ደረቁ ግማሽ ከ300 ኪሎ ካሎሪ በላይ ይከፍላል። በክብደት በሚሸጥበት ቦታ ከሰል ላይ ውሃ የሚረጭ ሻጭም ገዢውን ሁለት ጊዜ ይጎዳዋል፤ ውሃውን በከሰል ዋጋ ሸጦለታል፤ ያ ውሃ ደግሞ የደኅናውን ከሰል ሙቀት ይበላበታል።

ይህ በማዳበሪያ ከሰል ላይ ሳንቲም የሚያጎድል ነገር በመርከብ ጭነት ላይ ሲሆን ሀብት ያጠፋል። የኢትዮጵያ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ቀድሞ በከባድ ጥቁር ናፍጣ ሲሠሩ ኖረው ወደ ድንጋይ ከሰል ከተመለሱ ወዲህ ለብዙ ዓመታት ከደቡብ አፍሪካ ከሰል በጅቡቲ በኩል ሲያስገቡ ቈይተዋል። በአገር ውስጥም በጅማ አካባቢ እንደ ደልቢ ሞዬ፥ በኢሉባቦር እንደ ያዩ ያሉ የከሰል ስፍራዎች አሉ፤ የአገሩ ከሰል አመድና እርጥበት ስለሚበዛበት እያጠቡ ማሻሻል ተጀምሯል። የውጭውን ከሰል ለሚያስመጣም ሆነ የአገሩን አጥቦ ለሚሸጥ፥ በወረቀቱ ላይ ከቍጥሩ ቀጥሎ የሚጻፈው ቃል ከቍጥሩ እኩል ይከብዳል።

ይህ ቃል ናሙናው በምን ሁኔታ ሳለ እንደ ተለካ የሚያመለክት ነው። ላቦራቶሪው ከሰሉን ከመፍጨቱ በፊት በክፍሉ አየር ያደርቀዋል፤ ቦምብ ውስጥ የሚገባውም ይህ በአየር የደረቀው ነው። ገዢው በመርከብ የሚቀበለው ግን ዝናብ የመታውንና ከጕድጓድ ውሃውን ይዞ የወጣውን ነው፤ ይህም እንደ ደረሰ ይባላል። ለምሳሌ በአየር ደርቆ 3 ከመቶ እርጥበት የቀረው ከሰል በቦምብ 6,300 ኪሎ ካሎሪ ሰጠ እንበል። ያው ከሰል ሲራገፍ 10 ከመቶ እርጥበት ነበረው። 6,300 በ90 ተባዝቶ ለ97 ሲካፈል 5,845 ይሆናል፤ እንደ ደረሰ ያለው ጠቅላላ ልክ ይህ ነው። በምድጃው እንፋሎት የሚሄደው ሲቀነስ 5,600 ያህል ይቀራል። እንግዲህ አንዱ ከሰል 6,300፥ 5,845፥ 5,600 ቢባል ሦስቱም እውነት ናቸው፤ ሻጩም ከሦስቱ የትኛውን ቢጽፍ ዋሸ ሊባል አይችልም። ፋብሪካው ግን የሚያገኘው የመጨረሻውን ብቻ ነው። በውሉ ላይ «6,300 ኪሎ ካሎሪ» ብቻ ብሎ የፈረመ ገዢ፥ ከመቶ 11 የሚሆነውን ሙቀት ሳይቀበል ከፍሎ፥ የሚከስበት ቃል አጥቶ ይቀራል።

በዓለም ገበያ ውል ላይ «ጂ ኤ አር» የሚለው ምሕፃረ ቃል እንደ ደረሰ ጠቅላላ፥ «ኤን ኤ አር» የሚለው እንደ ደረሰ የተጣራ፥ «ኤ ዲ ቢ» የሚለው በአየር የደረቀ ማለት ነው። ከደቡብ አፍሪካው ሪቻርድስ ቤይ ወደብ የሚጫነው ከሰል ዋጋ የሚነገረው በተለምዶ በ6,000 ኤን ኤ አር ነው። ውሉ በዚህ ልክ ተጽፎ፥ ለምሳሌ በቶን 100 ዶላር ተዋውለው፥ የደረሰው ከሰል 5,700 ቢሆን፥ ዋጋው በልኩ ተቀንሶ 95 ዶላር ይሆናል። በ30,000 ቶን ጭነት ይህ 150,000 ዶላር ነው። ቅናሹ ግን እንዲሁ አይመጣም፤ ዋጋው ከሙቀቱ ጋር በልክ እንዲወርድ፥ ከስንት በታች ከወረደም ገዢው ጭነቱን አልቀበልም ለማለት እንዲችል፥ ሁለቱም አስቀድመው መጻፍ አለባቸው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚከብደው ግን የናሙናው ነገር ነው። ቦምቡ የሚለካው አንድ ግራም ብቻ ሲሆን፥ ያ ግራም ስለ 30,000 ቶን ይመሰክራል። ከከሰል ክምር አናት ላይ የተዘገነ ናሙና ፀሐይ ያደረቀው ነው፤ ከግርጌ የተወሰደው ውሃ የወረደበት ነው፤ ትልልቁ ወደ ዳር ይንከባለላል፥ ዱቄቱ በመካከል ይቀራል። ስለዚህ የሚሻለው ከሰሉ በማጓጓዣው ቀበቶ ላይ እየሄደ ሳለ፥ በየጊዜው ከቀበቶው ዳር እስከ ዳር ትንሽ ትንሽ እየቈረጡ መውሰድ ነው። የተሰበሰበው በአንድነት ተደባልቆ፥ ተከፋፍሎ፥ አየር በማያስገባ ከረጢት ይታሸጋል። ከረጢቱ ክፍት ሆኖ አንድ ሌሊት ቢያድር እርጥበቱ ይተናል፤ በማግሥቱ የሚለካው ከሰልም ከመርከቡ የወረደው አይሆንም። ይህ ቸልተኝነት የሚጎዳው ዘወትር ገዢውን ነው፤ ደረቅ ናሙና ሙቀቱን ከፍ አድርጎ ያሳያልና።

የታሸገው ናሙና ሦስት ቦታ ይከፈላል፤ አንዱ ለሻጩ፥ አንዱ ለገዢው፥ ሦስተኛው በማኅተም ተዘግቶ ለዳኝነት ይቀመጣል። ሁለቱ ወገኖች በየላቦራቶሪያቸው ሲያስመረምሩ ቍጥሮቹ ፈጽሞ አንድ ይሆናሉ ብሎ መጠበቅ አይገባም። የከሰል ሙቀት የሚለካበት አይ ኤስ ኦ 1928 የተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ፥ በአንድ ላቦራቶሪ የተደረጉ ሁለት ልኮች በግራም እስከ 120 ጁል፥ በሁለት ላቦራቶሪዎች የተደረጉት እስከ 300 ጁል ቢለያዩ ያልፋቸዋል። ሦስት መቶው ጁል በኪሎ 70 ኪሎ ካሎሪ ያህል ነው። ስለዚህ አንዱ 5,900፥ ሌላው 5,850 ቢል ማንም ማንን አላታለለም፤ የሁለቱ መካከለኛ ተወስዶ ሒሳቡ ይዘጋል። ልዩነቱ ከዚህ ሲያልፍ ሦስተኛው ከረጢት ሁለቱ ወገኖች አስቀድመው በተስማሙበት ላቦራቶሪ ይከፈታል፤ የዚያም ምርመራ ወጪ በማን እንደሚከፈል በውሉ ውስጥ ይጻፋል፤ ልማዱም ከሦስተኛው ቍጥር ይልቅ የራቀው ወገን እንዲከፍል ነው።